ያልመጡት መኪኖች

አንድ ዓይነት መኪና ጋራዥ ደጃፍ ሳይታይ ዓመት ቢያልፍ፣ ጤነኛ ስለሆነ ነው ወይስ መምጫ አጥቶ? ሃያ ስድስት ዓመት መኪና ስመዘግብ ኖሬ ይህን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልቻልሁም።

ባለፈው ዓመት ከወልድያው ጋራዥ በጡረታ ወጣሁ። ጋራዡን የተረከበው የባለቤቱ ልጅ ኮምፒውተር አስገብቷል፤ ገመድ ይሰካል፣ የመኪናዋ ሕመም በስክሪን ይነበባል። እኔም ዐሥራ አንድ ደብተሮቼን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ወደ ቤቴ ወሰድሁ። ያን ሰሞን ሐያት የምትባል ነርስ ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። አባቷ መኪና ሊገዛ ነው።

«እትዬ ሉባባ፣ ይህችኛዋ አራት ተኩል ኮከብ አላት። ያችኛዋ ሦስት። ኮከቡ ይታመናል?»

ስልኩን ተቀብዬ መነጽሬን አደረግሁና ብዙ አየሁት። ኮከቡን የሰጡት ሰዎች አስፋልት ላይ ይንዱ ጠጠር ላይ አይልም። ስንት ሰው ይጭናሉ አይልም። ስንቱ ተጠይቆ ስንቱ ዝም እንዳለም አይልም።

«ማን ነው የሰጠው?»

«ሰዎች ናቸዋ! የገዙት።»

የገዙት። እኔም የገዙትን ነበር የምጠይቅ። «ነገ ልንገርሽ» ብዬ ሸኘኋት። ነገ አልነገርኋትም፤ ይህን መጻፍ ጀመርሁ።

ትውልዴ መርሳ አጠገብ ነው። ፊደል የቆጠርሁት አግብቼ ከፈታሁ በኋላ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ ከአስተማሪዬ በሁለት ዓመት እበልጥ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል አለው፤ የተጻፈን ነገር ከልክ በላይ ያምናል። ያልተጻፈውን ደግሞ ከልክ በላይ ይንቃል። ይህን የምለው ሰበብ ለመፈለግ አይደለም፤ ለኋላው ታሪክ ስለሚያስፈልግ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ መርሳ ላይ፣ አንድ ትንሽ ጋራዥ ውስጥ የተፈታ ዕቃ በናፍታ ማጠብ ነበር። የታጠበውን ብሎን በየመጠኑ፣ በየመጣበት ቦታ ለይቼ በባዶ ቆርቆሮ እደረድር ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም። አንድ ቀን ከወልድያ የጭነት መኪና ሊሠሩ የመጡ ዋና ሜካኒክ ቆርቆሮዎቹን አይተው ቆሙ።

«ይህን የደረደረ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«ስድስተኛ ክፍል ነኝ።»

«እኔ አራተኛ ላይ ነው ያቆምሁ። በይ እንግዲህ፣ አለቃዬ ልትሆኝ ነው» አሉ።

ጋሽ ሞላ እኒህ ናቸው። በሳምንቱ ወደ ወልድያ አስመጡኝና ተቀባይና መዝጋቢ ሆንሁ። ስለ ደመወዙ ዝም ብል ይሻላል፤ ከቤት ኪራይና ከመጽሐፍ አያልፍም ነበር።

ሥራዬ የሥራ ካርድ መሙላት ነው። ካርዱ ሁለት ክፍል አለው። ከላይ «ባለቤቱ ያለው»፣ ከታች «የተገኘው» ይላል። በመጀመሪያው ወር አንድ የእህል ነጋዴ መጥቶ «ስትነሣ እንደ ግመል ታቃስታለች» አለኝ። እኔ የተማርሁ ነኝ ብዬ «ድምፅ አለው» ብዬ ጻፍሁ። ጋሽ ሞላ ካርዱን አነበቡና ቀና አሉ።

«ሰውዬው እንዲህ ነው ያለሽ?»

«እንደ ግመል ታቃስታለች ነው ያለው።»

«ታዲያ ግመሉ የት ሄደ?»

ካርዱን ቀደው ሌላ ሰጡኝ። «ግመል የሚያቃስት መቼ ነው? ጭነት ይዞ ሲነሣ ነው። እሱን ብትጽፊልኝ ኮፋኖ አልከፍትም፤ ከሥሯ ገብቼ ክሮቸራዋን ነው የማይ።» ገብተው አዩ። ከሞተር ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የምታደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያዋ ተበልቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሰውን ቃል ተርጉሜ አላውቅም። እንዳለው እጽፋለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ኮፋኖ ሳይነኩ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ማን ይነዳታል? የት ትወጣለች? ምን ትጭናለች? ከዚያ ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ያስደግፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሩቅ ሰው ስልክ እንደሚያናግር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሥራ ሲቀዘቅዝ «ያልመጡትን ልያቸው» ብለው ወደ መናኸሪያ ይወርዳሉ። ተከትያቸው ሄጄ አይቻለሁ። በቆሙት መኪኖች መካከል እየዞሩ ጎንበስ ብለው ከሥር ያያሉ። ሹፌሮቹ ይስቁባቸዋል።

«ጋሽ ሞላ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ዘይታችሁ።»

መሬቱ ላይ የተንጠባጠበውን በጣታቸው ነክተው ያሸታሉ። ምንም አይጽፉም። ለምን ከባለቤቶቹ እንደማይጠይቁ፣ ለምን እንደማይጽፉ ያን ጊዜ አልገባኝም። ያልተማረ ሰው ልማድ መስሎኝ ነበር።

ደብተሩን የጀመርሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። ካርድ ሲዘጋ ወደ መጋዘን ይጣላል፤ አሳዘነኝ። ለእያንዳንዱ የመኪና ዓይነት አንድ ገጽ ሰጠሁና ሞተር በተከፈተ ቁጥር በቀይ አንድ ጭረት፣ ለካምቢዮ በሰማያዊ፣ ለፍሬን በጥቁር ማስመር ያዝሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ከገጹ ግርጌ ፍርድ እጽፋለሁ፦ «እምነት የሚጣልባት»፣ «መካከለኛ»፣ «የምታስቸግር»። ካርድ ላይ ያልሰፈረ ነገር ደብተሬ አይገባም። ሕጌ ይህ ነበር፤ እኮራበትም ነበር።

ወሬው ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ተሰማ። መኪና የሚገዛ ሁሉ «መዝገቧን ጠይቁ» ይባላል። ደላሎቹ ስም አወጡልኝ፤ እትዬ መዝገብ። አንዱማ በሰው ፊት «እትዬ መዝገብ፣ ሚስት ስናገባም ደብተርዎ ላይ እንይ እንዴ?» አለኝ። «የሚስት ካርድ አልያዝሁም» አልሁት። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። በልጅነቷ ስሟን መጻፍ የማትችል የነበረች ሴት፣ ሰው ቃሏን ይዞ ጥሪቱን ሲያወጣ ምን እንደሚሰማት ለማስረዳት አልሞክርም።

አሁን ወደማልፈልገው ቦታ ደረስሁ።

በዚያ ዘመን በአገሩ ሁለት ዓይነት ሚኒባስ ይፎካከሩ ነበር። የፋብሪካቸውን ስም አልጽፍም፤ እስከ መጨረሻው ያነበበ ምክንያቴ ይገባዋል። የጋራዡ ልጆች ግንባሯ የቀናውን ጠፍጣፌ፣ አፍንጫዋ ወጣ ያለውን ሹሌ ይሏቸዋል። የጠፍጣፌ ገጽ በጭረት ብዛት ቀልቷል። የሹሌ ገጽ ላይ ሁለት ጭረት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሐራ አንድ ሽማግሌ ሹፌር የሞተር ማቀዝቀዣውን ቬንቲሌተር የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋ ሊገዙ መጡ። ሒሳባቸውን ሰጥተው ሊወጡ ሲሉ ተመለሱ።

«ልጄ፣ የመኪና ደብተር ያለሽ አንቺ ነሽ አሉ። ሹሌን ጻፊያት። ሰው ሞልቶባት አቀበት ስትይዝ ትፈላለች። የእኔ ብቻ አይደለችም፤ የጓደኛዬም እንደዚሁ ናት።»

«የት ተሠራች አባባ? ካርድ አላት?»

«አቆማታለሁ፣ አቀዘቅዛታለሁ፣ ውሃ እጨምርባታለሁ። ለዚህ ምን ካርድ አለው?»

«ካርድ ከሌለው አልጽፍም።»

ቺንጋውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ፈገግ አሉ። «ደግ ነው። እሷ ግን ያለ ካርድም ትፈላለች» ብለው ሄዱ።

ከወር በኋላ ሰይድ መጣ። ሰይድ የግራና ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ጥማድ በሬውን ሸጧል፤ ሚስቱ ፋጡማ የእናቷን ማርዳ ሸጣለች። በግራናና በመርሳ መካከል ሰውና ሽንኩርት ሊያመላልስ ነው ሐሳቡ።

«ሁለት ናቸው እትዬ ሉባባ። አንዷ ሹሌ፣ አንዷ ጠፍጣፌ። ሁለቱም መርሳ ቆመዋል። እኔ ከሞተር ምን አውቃለሁ? አንቱ ያሉኝን እገዛለሁ።»

ደብተሩን ገለጥሁ። ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አሳየሁት። ቀዩን አየ፣ ነጩን አየ። «ሹሌን ግዛ» አልሁት። የት ትወጣለች ብዬ አልጠየቅሁም። ምን ትጭናለች ብዬ አልጠየቅሁም። እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዱዓ አድርጎልኝ ሄደ።

ጋሽ ሞላ ከምሳ ሲመለሱ በደስታ ነገርኋቸው። እጃቸውን እየጠረጉ ሰሙኝ።

«ስንት ሹሌ አለ በአገሩ?»

«ደብተሬ ላይ አምስት፤ ሦስቱ ዘይት ለመቀየር ብቻ የመጡ።»

«በአገሩ ነው ያልሁሽ።»

ደብተሩን እንደገና ገለጥሁ።

«ከአምስቱ የግራናን መንገድ ሰው ሞልታ የወጣች አለች?»

«ሁለት ጭረት ብቻ እኮ ነው ያላቸው ጋሽ ሞላ» አልሁ። ለጠየቁኝ የሚሆን መልስ አልነበረም። እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር፤ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ገቡ።

ያን ጊዜ ነው የሐራው ሽማግሌ ትዝ ያሉኝ። ቺንጋውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ታዩኝ። ሰይድ ገና መርሳ አልደረሰም ይሆናል። ስልክ ቁጥሩን ደግሞ ጽፎልኝ ነበር፤ ከፊቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አንሥቼ አየሁት። «ካርድ የሌለው ወሬ ነው» አልሁ በልቤ። ወረቀቱን አጥፌ ደብተሩ ውስጥ ከተትሁ። አልደወልሁም።

በዚያው ዓመት ጋሽ ሞላ ሥራ አቆሙ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ስለ ሐራው ሰው ሳልነግራቸው ቀረሁ።

የቅዳሜውን ዙረት እኔ ወረስሁት። የጠየቁኝ ጥያቄ ውስጤን ስለበላኝ፣ ያልመጡትን መኪኖችም ልመዝግብ አልሁ። ግን መናኸሪያ መሐል በቀሚሴ ጎንበስ ብዬ ከመኪና ሥር ማየት አፈርሁ። ስለዚህ ጠየቅሁ። እስክሪብቶዬን ይዤ ባለቤቱን «እንዴት ናት?» እላለሁ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት።»

ክርስቲያኑም «ተመስገን፣ ምንም አትል» ይላል። እኔም «ደህና» ብዬ እጽፋለሁ። ቃላቸው ነው፤ አልተረጎምሁትም። በአንድ ዓመት ከአርባ በላይ «ደህና» ሰበሰብሁ። አሁን ሳስበው ራሴን እታዘበዋለሁ። ጉልበቴ ሲቆረጥመኝ፣ ጥርሴ ሲያመኝ፣ ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ እኔስ የምለው ምንድን ነው? በእኛ አገር የሚያበላህን አታማም። ርዝቁን የሚያማ ርዝቅ ያጣል ይባላል። ከገበያ መሐል ቆሞ «መኪናዬ አስቸገረችኝ» የሚል ሰው ከአላህ ጋር የተጣላ ይመስላል። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር። እስክሪብቶ ስይዝ ግን ረሳሁት።

መርሳ ገበያ ላይ ሰይድን ያገኘሁት በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ከስቷል።

«መኪናዋስ ሰይድ?»

«አልሐምዱሊላህ እትዬ፣ ደህና ናት» አለ። ዓይኑን ወደ ቲማቲሙ አዞረ።

ከትከሻዬ ላይ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ። እዚያው ቆሜ «ሹሌ፣ ግራና፣ ደህና» ብዬ ጻፍሁ። በዚያች ቃል ተደፋፍሬ ለአንድ የውርጌሳ አስተማሪም ሹሌን ግዛ አልሁት። የሚገርመው የእሱ ሹሌ እስከ ዛሬ ትሠራለች፤ ባለፈው ወር እንኳ በጎኔ ሲያልፍ ጥሩምባ ነፋልኝ። ይህን ምን ላድርገው?

በዚያው ክረምት ለለቅሶ ከሰው ጋር ግራና ወረድሁ። ስንመለስ ፋጡማ ከደጇ ሆና ውሃ ጠጥታችሁ እለፉ አለችን። ግቢው ስገባ ሹሌን አየኋት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጎማ የላትም። ጣሪያዋ ላይ የማሽላ አገዳ ተከምሯል፤ በመስኮቷ ዶሮ ትወጣለች፣ ትገባለች።

«መቼ ቆመች?» አልሁ።

«ኧረ ከርማለች! ለዐረፋ ዓመት ይሞላታል። ስምንት ወር ሠራች። አንድ ቀን አቀበቱ ላይ ፈላች፣ ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ተሰነጠቀ አሉን።»

በልቤ ቆጠርሁ። ሰይድ መርሳ ላይ ደህና ናት ሲለኝ፣ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠች አምስት ወር ሆኗት ነበር።

«እኔን ደህና ናት ብሎኝ ነበር እኮ።»

ፋጡማ የጠጣሁበትን ጣሳ ተቀበለችኝ። «ታዲያ ምን ይበል እትዬ? ያበላችውን በገበያ መሐል ይስደባት?»

ሰይድ መርሳ ላይ የሰው ባጃጅ እየነዳ ነበር። ትልቋ ልጃቸው ዘምዘም ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጣ ዐረብ አገር ሄዳለች። ፋጡማ ይህን የነገረችኝ እንደ ዋዛ፣ ጣሳውን እያለቀለቀች ነው። እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ ፊደል የቆጠርሁ ሴት፣ አንዲት ልጅ ክፍል ጥላ እንድትሄድ እጄ አለበት ይሆን? አላውቅም። በዚያ ቀን ስለ ሐራው ሰው አንድ ቃል አልተነፈስሁም። ቤቴ ስገባ «ደህና» የምትለውን ሰረዝሁ። ሌሎቹን «ደህና»ዎች ግን የትኛውን ሰርዤ የትኛውን እንደምተው ጠፋኝ። ከዚያ ወዲያ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ሜካኒክ ይዛችሁ ሄዳችሁ እዩ» ብቻ ማለት ጀመርሁ። ሰዉ ኮራች አለ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጋራዡ ተዘጋ፤ ደብተሮቹን ከጤፍ ጆንያ ሥር ደበቅኋቸውና ከሰዉ ጋር ሸሸሁ። ስንመለስ ካቆምሁበት ቀጠልሁ። በእነዚያ ወራት ገጾቹ ነጭ ናቸው፤ አንዲት ጭረት የለችም። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያነበው፣ የወልድያ መኪኖች ሁሉ ጤና ያገኙበት ዘመን ይመስለዋል።

ሐያት ስልኳን ይዛ በመጣች በአራተኛው ቀን ደብተሬን በቦርሳ ይዤ በጠዋት ወደ ግራና ሄድሁ። ሰይድና ፋጡማ ከቤታቸው ደጃፍ ነበሩ፤ እሱ ገመድ ይፈትላል፣ እሷ ሽንኩርት ትለቅማለች። ግቢው ውስጥ ሹሌ የለችም። ተነሥተው ተቀበሉኝና ከግድግዳው ጥግ ባለው ረጅም ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። አልሐምዱሊላህ አልሁ። ከዚያ ነገርኋቸው። የሐራውን ሽማግሌ፣ ቺንጋውን፣ ስልክ ቁጥሩ የተጻፈባትን ወረቀት። ወረቀቷ አሁንም ደብተሩ ውስጥ ነበረች፤ አውጥቼ አሳየሁት።

ሰይድ የራሱን እጅ ጽሑፍ አገላብጦ አየ።

«ያን ቀን ቢደውሉልኝ ኖሮ እተዋት ነበር?»

«አላውቅም ሰይድ።»

«እኔም አላውቅም። ልቤ ሹሌ ላይ ነበር፤ አንቱ ጋ የመጣሁት እሺ እንዲሉኝ ነው። ደግሞ ዐሥራ ሁለት ሰው በምትይዘዋ ሃያ ሰው እጭን ነበር። ውሃ ሲጎድል ከወንዝ ቀድቼ ነው የምሞላት።» ወረቀቷን መለሰልኝ። «በእኔ ይሁን፣ በሷ ይሁን፣ በመንገዱ ይሁን እንጃ።»

ፋጡማ ሽንኩርቷን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗን ታጥባ ነበር።

«ታዲያ ዛሬስ ካርድ አለዎት?» አለችኝ።

«የለኝም።»

«እንግዲያስ ይጻፉ።»

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የሹሌን ገጽ ገለጥሁ። ሰይድ ገመዱን አስቀመጠ። «መጀመሪያ ስምንት ወር አበላችን ብለው ይጻፉ» አለ። ጻፍሁ። «አቀበት ላይ ትፈላለች ይበሉ።» ጻፍሁ። ከዚያ ልትነሣ ስትል የነበረውን ድምፅ፣ የእንፋሎቱን ሽታ፣ መጨረሻ ላይ በቁራጭ በቁራጭ የተሸጠችበትን ሁሉ እንዳለው ጻፍሁ። የሐራውንም ሽማግሌ ቃል ከሥሩ ጨመርሁ። ከገጹ ግርጌ ፍርድ የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተውሁት።

«ምንም አልተረፈ?» አልሁ።

«የተቀመጡበት ነው እንጂ!» አለ ሰይድ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። የሹሌ የኋላ ወንበር ነው።

«ወንበሩስ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

እስክሪብቶዬን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁት። ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ መሬቱ ላይ ተንበርክኬ ከሥሩ አየሁ። አንዱ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል።

ሰይድ ሳቀ። ፋጡማ ግን አልሳቀችም።

«እሱንም ይጻፉት» አለች።